የአያ ጫኔ ደፍ

አያ ጫኔ ያረፉ ዕለት ጠዋት እኔ ሳሎን ውስጥ በሆዴ ተዘርግቼ፣ ከሶፋ ስር የተወሸቀች የመጥረጊያ ማሽን በመጥረጊያ እንጨት እየጎረጎርኩ ነበር። ስልኬ ጠራ። የእድራችን ጸሐፊ ነው።

«ታደለ፣ አያ ጫኔ አረፉ። ቀብር ስምንት ሰዓት ነው፤ ለሰው ንገር።»

በሆዴ እንደተኛሁ «እሺ» አልኩና ዘጋሁት። ነገሩ የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰውዬው በሕይወት ኖረው እንደዚያ ተዘርግቼ ቢያዩኝ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ ከእንባዬ በፊት ሳቄ ቀደመ። «መጥረጊያ ይዘህ መጥረጊያ ትጠርጋለህ?» ነበር የሚሉኝ። ብለውኝም ያውቃሉ።

አያ ጫኔ ግንበኛ ነበሩ። የዛሪማ ሰው ናቸው፤ ጎንደር የገቡት በጎልማሳነታቸው ነው። ጎንደር ዳር ፀዳ ሰፈር ያለችውን ቤታችንን ከመሠረት እስከ ጣራ የሠሯት እሳቸው ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ መሮ የሾሉ ሰው። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ የሚሰጡት ወለሉን ካዩ በኋላ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቁና በባዶ እግራቸው ቀስ እያሉ ይረግጣሉ፤ ከዚያ ሴራሚኩን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ከዚያ «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ሠርግ ቤትም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን አዲስ የሚያብረቀርቅ ወለል አይተው ባለቤቱን፣ «ይሄ ወለል ነው ወይስ ሳህን? ሰው ሊኖርበት ነው ወይስ ሾርባ ሊቀርብበት?» አሉት። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሾርባ አይወድም።

ማሞገስ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ሌላው የአገራችን ሰው ሸጋ የሚለውን ሁሉ እሳቸው «አይከፋም» ነበር የሚሉት። እሱንም በዓመት አንዴ። ቤታችንን ጨርሰው ቁልፉን ሲያስረክቡኝ አንድ ዙር ዞሩና «አይከፋም፤ ሰው ይኖርበታል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ከሰው ምስጋና ለምጃለሁ፤ ቅር አለኝ።

ከቤቱ ሁሉ አንድ ነገር አልተመቸኝም ነበር። ደፉ። የእናቴ መኝታ ቤት በር፣ የማጀቱ በርና የበረንዳው በር ላይ ከፍ ያለ ደፍ ሠርተዋል። የእግሬ አውራ ጣት እዚያ ደፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀጠቀጠ ጥፍሬ ይመስክር። «አያ ጫኔ፣ ይሄ ደፍ ምነው እንዲህ አበጠ?» ስላቸው፣ «እግርህን አንሳ» ብቻ አሉኝ። እኔም እግሬን ላንሳ ሳልል ብዙ ዓመት ኖርኩ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ቀስ በቀስ ደክሞ ደክሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ግን ጠዋት ጠዋት ያለ ዱላ፣ ያለ መሪ፣ ከመኝታዋ ተነስታ በሳሎን በኩል አልፋ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እጅ ሊይዛት የሚመጣ ካለ ትቆጣለች። «በቤቴ ማንም አይመራኝም!» ትላለች። ኩራቷ ይቺ ነበረች። እንዴት አድርጋ መንገዱን እንደምታውቀው አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ልምድ ነው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ማሽኗ ልምጣ፤ ስሟን ሳነሳ ደሜ ይፈላል።

የባለቤቴ የሰናይት እህት ከዱባይ ስትመጣ ነው ይዛልን የመጣችው። ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ በማንም አላመካኝም። ክብ፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ራሷ እየዞረች ትጠርጋለች፣ ከኋላዋ እርጥብ ጨርቅ እየጎተተች ትወለውላለች ተብላ ነው የመጣች። ሰፈሩ «ኤሊዋ» አላት። ሰናይት ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ደክሟት ስትገባ ላሳርፋት ብዬ ነው እንዳልል፣ እውነቱን ታውቀዋለች።

«ታዴ፣ እኔ የምፈልገው የሚጠርግ ባል ነው» አለችኝ ካርቶኑን ስከፍት።

«እሱን ዱባይም አይሸጡትም» አልኳት።

መጀመሪያ ሳምንት ሰፈሩ ተሰብስቦ አያት። ከዚያ ጉዷ ወጣ። በበጋ የፀዳ አቧራ ሳሎኑን ሳታጋምስ ሆዷን ይሞላዋል፤ ቆማ በእንግሊዝኛ «አራግፉኝ» ትላለች። በክረምት የልጆቹን የጫማ ጭቃ በእርጥብ ጨርቋ እያሸች ወለሉን በሙሉ ስስ ቀለም ቀባችው። ቤታችን ያኔ ነው ቡና ዓይነት የሆነው። ካልሲ ትውጣለች። የስልክ ቻርጀር ትጎትታለች። ለበዓል ቄጠማ ብንጎዘጉዝ እንደ ላም ግጣ ግጣ ታነቀች፤ ከአንጀቷ በሹካ እየጎተትኩ ሳወጣ ዋልኩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማረፊያዋን ታጣና የትም ደርቃ ትቀራለች። እሷ እንድትጠርግ እኛ አስቀድመን ጫማ እናነሳለን፣ ዱካ ወንበሩን እናነሳለን፣ ምንጣፍ እንጠቀልላለን፤ ሰናይት «እሷ ከመጣች ወዲህ ቤት ማጽዳት ሥራ በዛብኝ» አለች።

እናቴ ግን ምንም አላለቻትም። ማሽኗ እየዞረች እግሯን በገጨቻት ቁጥር እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ አላየሁሽም» ትላታለች። «ማሽን ናት እማ» ብዬ ብነግራት፣ «ትሁን፤ እየሠራች አይደል?» አለችኝ። እኔ ሳልሠራ ስለምውል ነገሩ ሁለት ስለት ነበረው።

ከሁሉ የከፋው ደፉ ነው። አትሻገረውም። ትደርሳለች፣ ትገጨዋለች፣ ትዞራለች፣ ተመልሳ ትገጨዋለች። ከክፍል ክፍል እንደ ሕፃን አቅፌ የማሻግራት እኔ ነኝ። ቴክኖሎጂ ያውቃል የተባለ ሰው መጥረጊያ አቅፎ ሲዞር ልጆቼ አንድ ቀን ፎቶ አነሱኝ። ያኔ ነው ቆርጬ አያ ጫኔን የጠራኋቸው።

መጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ወለሉን ረገጡ፣ አንድ ሁለቴ ኳኳ አደረጉ። ማሽኗ ስታንጎራጉር ደረሰች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«መጥረጊያ ናት አያ ጫኔ። ራሷ ትጠርጋለች።»

«ራሷን ነው ቤቱን?»

«ቤቱን ነው እንጂ።»

«ታዲያ እኔን ምነው ጠራኸኝ?»

«ደፉን አትሻገርም። ሦስቱንም ቢያነሱልኝ ብዬ ነው። በረንዳውንም እንድትጠርገው።»

ቁጢጥ ብለው ማሽኗን ጀርባዋ ላይ በጣታቸው አንጓ መቷት። ኳ ኳ። ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ባዶ ናት» አሉ። «ሲሚንቶ ያልጠጣ ሴራሚክ እንዲህ ነው የሚጮኸው።»

«አያ ጫኔ፣ ዘመናዊ ነገር ነው እኮ…»

«ስማ አንተ። ሰው ለደፍ እግሩን ያነሳል። ደፍ ለመጥረጊያ አይሰግድም። ደፍ ያፈረሰ ሰው ይደፋል፤ ስሙ ራሱ ይነግርሃል።»

ደፍ፣ ይደፋል። ሳቅ ያዘኝ። «ዛሬ ደግሞ ቅኔ ጀመሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ቅኔ አይደለም፤ ግንባታ ነው» አሉና ተነሱ። በረንዳ ወጥተው እናቴን ተሳለሟት፤ ስለ ጉልበቷ ጠየቋት። ጫማቸውን ሲያጠልቁ ዞር ብለው፣ «ማፍረስ ከፈለግህ እሜቴን ጠይቅ» አሉኝ፤ እናቴን ማለታቸው ነው።

አልጠየቅኳትም። እዚች ላይ ቀልድ አልጨምርም።

ፍልሰታ ገባና እናቴ ለጾሙ ከተማ፣ ቀሐ ሰፈር እህቷ ዘንድ ሄደች፤ በየዓመቱ ታደርገዋለች፤ ቤተስኪያን ይቀርባታል። ይሄኔ ነው ብዬ ከአዘዞ አንድ ሴራሚክ አንጣፊ አመጣሁ። በኤሌክትሪክ መቁረጫ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ ሦስቱንም ደፍ ቆርጦ ከወለሉ እኩል አደረጋቸው። ኤሊዋ ከሳሎን ማጀት፣ ከማጀት መኝታ ቤት፣ ከዚያ በረንዳ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ተንጎራደደች። ቪዲዮ አንስቼ ለሥራ ባልደረቦቼ ላክሁ። ትልቅ ሰው ነኝ እንግዲህ።

እናቴ ስትመለስ፣ «እማ፣ ደፉን አስተካከልነው» አልኳት። አስተካከልነው ነው ያልኳት፤ አፈረስነው አላልኩም። «እሰይ፣ ተሰንጥቆ ነበር እንዴ?» አለች። እኔም «ትንሽ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ማጀት ቁጭ ብዬ የማሽኗን ብሩሽ ከፀጉር አጸዳለሁ። እናቴ እንደ ልማዷ ተነሳች። እግሯ የመኝታ ቤቱን ደፍ ሲጠብቅ ሲጠብቅ አላገኘውም። ገና መኝታዬ ውስጥ ነኝ ብላ ቀጠለች። ሳሎኑን ጨረሰች። የበረንዳውንም ደፍ አላገኘችውም። ቀጠለች። ከበረንዳው በታች ሦስት ደረጃ አለ።

ድምፁን ሰምቼ ስሮጥ እናቴ ደረጃው ስር ተደፍታለች። አንስተን በረንዳው ጠርዝ ላይ ስናስቀምጣት እጇ ተጣሞ ነበር። ከድምፁ ጥቂት በፊት ብሩሿን ገጥሜ የለቀቅኳት ማሽን እያንጎራጎረች መጣች፤ ደረጃው አፋፍ ደርሳ ቆመች። ገደል ሲያጋጥማት የምታይበት ዓይን ከሆዷ ስር አላት፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ዞረችና የእናቴን እግር ገጨቻት።

እናቴ እጇን እንደያዘች «ይቅርታ ልጄ» አለቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ማሽን እንደ ሰው ነው የምጠላት። ራሴንም ጨምሬ።

የእናቴ እጅ ተሰብሮ ነበር፤ ጄሶ ታሠረ፤ ዳነ። እግሯ ምንም አልሆነም። ግን አልነሳም አለች። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰናይትን ትጠራለች። በቤቴ ማንም አይመራኝም ያለች ሴት፣ አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብላ እጇን ዘርግታ መሪ ትጠብቃለች። ሐኪሞቹ አጥንቱ ሸጋ ነው አሉ። እሷ ግን፣ «እግሬ ቤቱን ረሳው» አለች። ይኸው ብቻ ነው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ በረንዳው ላይ ያለው ወንበሯ ላይ ድመት ተኛበት።

አያ ጫኔ ቤት ሄድኩ። ቀሐ ማዶ ነበር የሚኖሩ። ያኔ ሳሉ ጀምሯቸዋል፤ በር ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ስቀርብ አልተነሱም።

«ኤሊህ ተሻገረች?» አሉኝ።

«ተሻገረች።»

«እሜቴስ?»

በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ሁለቴ ነው፤ አንዱ ያኔ ነው።

«ሰምቻለሁ» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «ቤቱን ስሠራ አንተ ቢሮ ነበርህ። እናትህ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ዓይኗ መድከም ጀምሯል፤ ለልጄ አይንገሩብኝ ብላኛለች። ስለዚህ ሊሾው ሳይደርቅ በእግሯ እያስረገጥኩ ሦስቱን ደፍ ለያየሁላት። የመኝታዋ ድብልብል ልስልስ ነው። የማጀቱ ሁለት መስመር አለው። የበረንዳው ሻካራ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ደረጃ አለ፣ ቁሚ ማለት ነው። አንተ በጫማ ስለምትረግጠው አታውቀውም። ደፍ መሰለህ? የእናትህ ዓይን ነበር። ዓይኗን ነው በመቁረጫ ያስወጣኸው፤ ለዚያች ለባዶዋ ስትል።»

እንደቆምኩ ነኝ፤ ተቀመጥ አላሉኝም።

«ምን ላድርግ አያ ጫኔ?»

«አሸዋ አምጣ» አሉ። «ወንፊትም። ነገ እመጣለሁ።»

በነጋታው ቱንቢያቸውን፣ ውሃ ልካቸውንና መሯቸውን በከረጢት ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ሠሩ። ሦስቱንም ቀን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። አጠገባቸው አሸዋ እየነፋሁ ቆሜ ሳለሁ፣ መኝታ ቤት ወዳለችው እናቴ እየጮሁ፣ «እሜቴ፣ ልጅዎን ውሃ ያምጣ በሉልኝ!» ይላሉ። እናቴም ከውስጥ «ታደለ፣ ውሃ አምጣ» ትላለች። «እሜቴ፣ የልጅዎ አሸዋ ወፍራም ነው፤ ድጋሚ ይንፋ!» «ታደለ፣ ድጋሚ ንፋ።» በሦስተኛው ቀን እናቴ ከውስጥ ስትስቅ ሰማናት። ሳሉ እያጣደፋቸው፣ መሐል መሐል ግድግዳ እየተደገፉ ነበር የሚሠሩት፤ ሰናይት ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብትላቸው፣ «መጀመሪያ ይሄ ይድረቅ» አሏት።

ደርቆ ሲያበቃ ተመልሰው መጡና የእናቴ መኝታ በር ላይ ቆሙ።

«እሜቴ፣ ይነሱ።»

«አልችልም ወንድሜ።»

«ይችሉ እንደሆን መች ጠየቅሁ። ሥራዬን ይፈትሹልኝ ነው የምል። እኔም ዓይኔ እየከዳኝ ነው፤ ጠማማ ይሁን ቀጥ ያለ አላየሁትም። ልጅዎ ደግሞ እንኳን ደፍ ሰውም አያይ።»

እናቴ አልጋውን ይዛ ተነሳች። እጇን ልይዛት ስል አያ ጫኔ ደረቴን በውሃ ልካቸው ገፋ አድርገው አቆሙኝ። በባዶ እግሯ እየዳሰሰች መጣች። ጣቷ ደፉን አገኘው። ቆመች። እግሯን ወዲያና ወዲህ አመላለሰችው።

«ልስልስ ነው። ድብልብል ነው» አለች። «መኝታዬ በር ነኝ።»

«እ! ይቀጥሉ።»

ሳሎኑን በግድግዳው በኩል ዞረች።

«ሁለት መስመር። ማጀት ነው።»

«ይቀጥሉ።»

ወደ በረንዳው ሄደች። እግሯ ሻካራውን ሲነካ ቀጥ ብላ ቆመች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ወጣች።

«ከዚህ ወዲያ ደረጃ አለ» አለች። «እቆማለሁ።»

አያ ጫኔ ጎንበስ ብለው ደፉን አዩት፣ ቀና ብለው እሷን አዩአት፤ «አይከፋም» አሉ። ለደፉ ይሁን ለእሷ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ሥራውን ከጀመሩ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩኝ፤ «ኤሊህን አምጣት።» አመጣኋት። ሳሎን ለቀቅኳት። ሄዳ ደፉን ገጨችው፤ ዞረች፤ ሌላኛውን ገጨች፤ ዞረች። እያዩ ቆዩና፣ «እሷ ተማረች። አንተስ?» አሉኝ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

አሁን የሥራ ባልደረቦቼ፣ «ታዴ፣ ያቺን ሮቦት እንግዛ ወይ? ትሠራለች?» ይሉኛል። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ልጅ፣ ጫማ፣ ጭቃ፣ እንግዳ፣ እናትና ደፍ የሌለበት ቤት ካላችሁ ግዙ፣ ትሠራለች። እንደዚያ ያለ ቤት ግን መጀመሪያውንስ መች ይቆሽሻል?

ምነው አልጣልካት ትሉኝ ይሆናል። ሰናይት አትጣላት አለች። «ሳያት አንተ ትዝ ትለኛለህ፤ ትዞራለህ፣ ታንጎራጉራለህ፣ ሥራው አያልቅም።» ስለዚህ አለች፤ በሦስት ደፍ ተከባ ሳሎን ታስራ ትኖራለች። ሶፋ ስር ትወሸቃለች፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ አወጣታለሁ።

እንዲህ ተዘርግቼ ነው እንግዲህ የአያ ጫኔን ሞት የሰማሁት። ተነሳሁና ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ፣ ራሷ ከመኝታዋ ወጣች። ድብልብሉን ደፍ ተሻገረች፤ ማንም አልያዛትም።

«ማነው የሞተ?» አለችኝ። «ድምፅህ ተለወጠ።»

«አያ ጫኔ፣ እማ።»

አልጮኸችም። አልፋኝ ወደ በረንዳው በር ሄደች። ሻካራው ደፍ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ ቤተስኪያን ደጅ ላይ እንደምታደርገው ደፉን ዳሰሰችና ጣቷን ሳመች። ከዚያ ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው።

«አቧራ አለው» አለች። «ያቺ ልጅ እዚህ አትደርስም እንዴ?»

«አትደርስም እማ። ደፍ ላይ አትወጣም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያጸዳው?»

ሄጄ ጨርቅ አረጠብኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ደፉ ላይ ተደፍቼ ሻካራውን ወለወልኩት፤ ከዚያ ድብልብሉን፤ ከዚያ የማጀቱን። እናቴ ከላዬ ቆማለች። «መስመሩ ውስጥ» አለችኝ፤ «በጨርቅ አይደለም፣ በጣትህ።» በጣቴ ጠረግሁት። አንዱን መስመር ጨርሼ ሁለተኛውን ያዝኩ። አፍንጫዬ ሲሚንቶው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ እንባዬም እዚያው ነው የወረደ፤ ለውልወላው ረዳኝ።

ስጨርስ እናቴ ባዶ እግሯን አመጣች። ጣቶቿን በመስመሮቹ ላይ ወዲያ አደረገች፣ ወዲህ አደረገች። ጊዜ ወሰደችበት።

«አይከፋም» አለች።